መደርደሪያው ላይ እያለ «የለም» ያልኩት



ባለፈው ሴሚስተር ለአታችመንት የተመደብኩበት መድኃኒት ቤት ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይውላል። አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት፣ ቤቱ ግጥም ብሎ ሳለ፣ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ ልጅ ገባ። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘግቶታል። ደጋግሞ ያዛጋል፤ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። ተራው ሲደርስ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ትራማዶል አለ?» አለኝ። ማዘዣ ይዞ እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቀው «የለም» አልኩት። ትራማዶሉ ከጀርባዬ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። እሱም ቆሞ ያየዋል።

ምንም አልተከራከረኝም። ዞሮ ሊወጣ ሲል የቤቱ ኃላፊ ከወዲያ ጥግ ሆኖ «ይሄ ጀዝባ ዛሬም መጣ እንዴ? ስማ ልጄ፣ እንዲህ ዓይነቱን ገና ከበር መልሰው!» አለኝ፤ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ሕፃን ያቀፈች እናት ልጇን ወደ ደረቷ ጥብቅ አደረገች። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ነገሩን ረስቼው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጁሙዓ ላይ ዘግይቼ ደረስኩና መጨረሻው ሶፍ ላይ፣ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆምኩ። ጎኔ የቆመውን ሰው ቀና ብዬ ሳየው ያ ልጅ ነው። እሱም አወቀኝ። ኢማሙ ተክቢራ ከማለቱ በፊት ቀስ ብሎ ወጣና በሌላኛው ጠርዝ ሄዶ ቆመ። ያን ቀን ምን እንደሰገድኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

በጀመዓችን ውስጥ የፋርማሲ፣ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪ ብዙ ነው። በየዓመቱ ከመካከላችን ነጭ ጋዋን ለብሶ ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ይወጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪዎችም ቢሆን ታገሡኝ፤ የዶርም ጉዳይም አለበት።

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ላድርግ። ለዚያ ልጅ ያለ ማዘዣ ትራማዶል መስጠት ነበረብኝ እያልኩ አይደለም። ትራማዶል በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ አለመስጠቴ ትክክል ነበር። የማያስተኛኝ ሌላው ነው። ዋሸሁት። እኔም እሱም መዋሸቴን እያወቅን ዋሸሁት። ከዚያም የተማርኩትን ረሳሁ። ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የዓይን ዕንባ፣ የሰውነት ፀጉር መቆም፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት... ይህ ዝርዝር ፋርማኮሎጂ ፈተና ላይ ቢመጣ አልስተውም። ከኦፒዮይድ የተቋረጠ ሰው ምልክት ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን «ታካሚ» ብዬ እመልሳለሁ፤ በእግሩ መጥቶ ፊቴ ሲቆም «ጀዝባ» ሆነብኝ። በዚያ ላይ ሳቅሁ።

ኦፒዮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶልና ሌሎቹም፣ አእምሮና አከርካሪ ውስጥ ያሉ ተቀባዮች ላይ ተጣብቀው ሕመምን ያደበዝዛሉ። ለጊዜው ጭንቀትንም ያርቃሉ። ሰውነት ግን ዝም ብሎ አይቀበልም። ደጋግመው ሲወስዱት ይለምደዋል፤ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። ልምዱ ከጸና በኋላ መድኃኒቱ ሲቀር ሰውነት በአመፅ ይነሣል። ያን ጊዜ ሰውዬው የሚፈልገው ደስታ አይደለም። ትራማዶሉን ለመደሰት ሳይሆን እንደ ሰው ቆሞ ለመዋል ይውጠዋል። ከውጭ የሚያይ ይህን ልዩነት አያይም። ፋርማሲስት ግን ከውጭ የሚያይ ሰው መሆን አልነበረበትም።

ትራማዶልን የሠራው ግሩነንታል የሚባል የጀርመን ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ በ1977 ገበያ ላይ ዋለ። የሱስ አደጋው አነስተኛ ነው ስለተባለ እንደ ሞርፊን በዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነቶች ቁጥጥር ውስጥ አልገባም። ርካሽ ነው፤ በቀላሉ ይገኛል። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ግብፅ የብዙ ወጣት ችግር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቀኑ ከፍተኛ መጠን 400 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው እንደ የሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከአልኮል ወይም ከዲያዜፓም ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ትንፋሽን ያዳክማል።

እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በክላስ ሲነገረን ብዙዎቻችን በማስታወሻችን ጽፈን ያለፍነው። ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን ጉልበት የሚያገኙት ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባለው ኢንዛይም ሲለውጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ጂን ከአንድ በላይ ተደጋግሞ እንዳላቸው አሳይቷል። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንዲት ፍሬ ስትሰጠው ሰውነቱ ከሚጠበቀው በላይ በፍጥነት ወደ ኃይለኛው ቅርጽ ይቀይራታል። ይህ ማለት ሱስ በደማችን አለ ማለት አይደለም። ነገር ግን «ቀላል ማስታገሻ ናት፣ ውሰዳት» ብለን የምንሰጣት ፍሬ ለሁሉም ቀላል አይደለችም።

ሰዎች ወደዚህ የሚገቡበት በር ብዙ ነው። አንዱ እግሩ ተሰብሮ ከሆስፒታል ሲወጣ የታዘዘለት አልቆ ሕመሙ ግን አላለቀም። ሌላው ሌሊት ይነዳል። ሌላው ቀኑን ሲሚንቶ ሲሸከም ይውላል። ሌላው በጓደኛው እጅ ለጨዋታ ቀመሳት፤ ይህንንም አንካድ። ባንኮኒው ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እኛም አንድ ስም ሰጥተን እንጨርሳቸዋለን።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ሙያ የማይወደደውን ልናገር። ያ ልጅ ትራማዶልን መጀመሪያ ከየት አገኘ? ከሰማይ አልወረደለትም። ብዙ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ነው የሚወጣው። ማዘዣ ሳይጠየቅ፣ አንድ ስትሪፕ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ «ለአንተ ብዬ ነው» እየተባለ ዋጋው ጨምሮ። ከዚያ ልጁ ሲከሳ፣ ልብሱ ሲቆሽሽ፣ ብድር ሲጠይቅ፣ ያው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «ከበር መልሰው» ይላል። ሁሉም መድኃኒት ቤት እንዲህ ነው አላልኩም፤ ማዘዣ በሌለበት ሞታቸውን የሚመርጡ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ አላህ ይጨምርላቸው። ነገር ግን ባንኮኒው ላይ በቀን መሳደብና በማታ መሸጥ አብረው የሚሄዱበት ቦታ እንዳለ በዚህ ሙያ ያለን ሁላችንም እናውቃለን። ለሸጠው ሰው «ጀዝባ» የሚል ስም አልተሰጠውም። የሽያጩ ገንዘብ ሐራም ይሁን ሐላል ደግሞ ኡስታዞቻችን ይንገሩን፤ እኔ መልሱን የምጠራጠረው አይመስለኝም።

ፋርማሲስቱም ፍርሃት አለው። ሐሰተኛ ማዘዣ ይመጣበታል። ተቆጣጣሪ መጥቶ የተቆጣጠረው መድኃኒት ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በማታ ብቻዋን የምትሠራ እህት አንድ የተበሳጨ ወጣት ባንኮኒውን ሲደበድብ ብትፈራ ማንም አይፈርድባትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከፍርሃት የሚመጣ ጥንቃቄና ከንቀት የሚመጣ ስድብ አንድ አይደሉም። የዚያን ቀን ያ ኃላፊ አልፈራም ነበር። እኔም አልፈራሁም።

ንቀቱ ሱስ ያለበትን ብቻ ቢነካ እንኳ በቂ ክፉ ነው። ግን እዚያ አይቆምም። በዚያው አታችመንት ወቅት አንዲት እናት የካንሰር ታማሚ ለሆነ ባለቤቷ የታዘዘ ሞርፊን ፍለጋ መጣች። ማዘዣው ትክክለኛ ነው፤ ማኅተሙም አለ። ሦስት ጊዜ ተገለባበጠ። «ይሄን ማን ነው የሚወስደው? እርግጠኛ ነሽ ለእሱ ነው?» ተባለች። በመጨረሻ የቆመችው እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታ ነበር። ከዚያ በኋላ «ሞርፊን ሱስ ያስይዘዋል ይላሉ፣ ባይወስደውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሏ የቀሩት ቀናት ምናልባት ጥቂት ናቸው፤ እነዚያንም በሕመም ሊያሳልፋቸው ነው፤ እኛ በፊታችንና በድምፃችን ያስተማርናት ይህን ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ሐራምን እናለማምድ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚከበር ነው። አእምሮን የሚሰውር ነገር ሐራም መሆኑን እኛ አናከራክርም። ግን ሐራም መሆኑን ማወቅና ሰውየውን መጣል የተለያዩ ናቸው። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ የምናገኘውን የዚያን ሶሓባ ታሪክ አስታውሱ። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ያስቅ የነበረ፣ በመጠጥ ምክንያት ተደጋግሞ ቅጣት የተፈጸመበት ሰው ነው። በአንደኛው ጊዜ ከተሰበሰቡት አንዱ ረገመው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መርገሙን ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልዕክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረም። ጥፋቱም ጥፋት አይደለም አልተባለም። ግን ከመስጂዱ ሰዎች አልተቆረጠም፤ ጥፋቱ የማንነቱ ስም አልሆነም። እኛ ያን ልጅ በባንኮኒ ላይ ስም ስናወጣለት የሠራነው ከዚያ ተቃራኒውን ነው። እርግማኑን ለመወርወር እኛ ቅጣት የመፈጸም ሥልጣን እንኳ የለንም።

ስለ ስትርም እናውቃለን። የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት በሐለቃ ስንት ጊዜ ሰምተናል! የታካሚ ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ሥነ ምግባር መሠረት ነው፤ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ከዚያም በፊት የዲናችን አማና ነው። በተሞላ ቤት ውስጥ «ይሄ ዛሬም መጣ?» ማለት ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር መስበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ጫት የሚቅም ወንድማችንን ምን እንለዋለን? «ያው ልማድ ነው» እንላለን። ለፈተና ሰሞን ሲቅም እናውቃለን፣ ከእሱ ጋር እንቀልዳለን፣ ኢፍጣር እንጠራዋለን። ጫት የለመደው ትልቅ ሰው ሰፈር ውስጥ ሲከበር ይኖራል፤ በአንዳንድ ቦታ ዱዓም ያለ ጫት አይጀመርም። ሁለት ፍሬ ኪሱ ውስጥ የተገኘበትን ልጅ ግን ከቴሌግራም ግሩፕ ለማስወጣት አንድ ሌሊት አናድርም። እንዲህ አድርገናል፤ «ሌሎቹን እንዳያበላሽ» ብለን። ሁለቱ እኩል ናቸው እያልኩ አይደለም። የምናወግዘው ጉዳቱን ይሁን ወይስ ዓይናችን ያልለመደውን፣ ይህን እንድንጠይቅ ነው።

የኦፒዮይድ ሱስ የሚታከም ሕመም ነው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉት መድኃኒቶች በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አሉ። ሜታዶን በቀን አንዴ ይጠጣል። በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ የመቋረጥ ስቃዩን ያስወግዳል፤ ትክክለኛው መጠን ከተገኘ ሰውየው ሳይሰክር ሥራውን ይሠራል። «አንዱን ሱስ በሌላ መቀየር ነው» የሚል ይኖራል። ከፋርማሲ ክፍልም ይህን የሚል ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እኔም ብያለሁ። ግን ሱስ ማለት መድኃኒቱን መውሰድ ብቻ አይደለም። ሱስ ሰው ቤቱን፣ ሥራውንና ሶላቱን ጥሎ እሱን ብቻ ሲከተል ነው። በየጠዋቱ በባለሙያ ፊት አንድ ኩባያ ጠጥቶ ወደ ሥራው የሚሄደው ሰው ያን አይመስልም። የስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ሲወጋ «ሱስ ቀየረ» አንለውም። በፊቅህ በኩል ዶሩራን የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ በረሃብ ለሞት የተቃረበ ሰው በክት ቢበላ ኃጢአት እንደሌለበት ቁርኣን ያስተምረናል። ዝርዝሩን ለዑለማ እተወዋለሁ።

የሙስሊም አገሮች ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድመው ተጋፍጠውታል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሜታዶን መስጠት ጀመረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በኩዋላ ላምፑር፣ ከማላያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው አር-ረሕማን መስጂድ ውስጥ ሜታዶን ከሃይማኖታዊ ምክር ጋር መሰጠት ተጀመረ። መስጂዱ ራሱ ክሊኒክ ሆነ ማለት ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ይጠጣል፣ ኡስታዙን ያገኛል፣ ይሰግዳል። የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞችና የመስጂዱ ሰዎች አብረው የሠሩት ነው። እስቲ የእኛን ግቢና የእኛን መስጂድ አስቡት። ኢራንም ከአብዮቱ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ሱሰኛን በእስርና በቅጣት ብቻ ለማከም ሞክራ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሜታዶን ተመልሳለች። ሩቅ ከሆነብን ጎረቤቶቻችንን እንይ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ጀመረች፤ ኬንያ በ2014 ናይሮቢ ውስጥ ተከተለች፤ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ዛንዚባርም የራሷን ከፍታለች።

ወደ ፋርማሲስቱ ልመለስ። በብሪታንያ ሜታዶን የሚወስድ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጠጣው ሰፈሩ ባለ መድኃኒት ቤት፣ ፋርማሲስቱ እያየው ነው። ሐኪሙን በየተወሰነ ሳምንቱ ያገኛል፤ ፋርማሲስቱን ግን በየቀኑ። ስለዚህ በሕይወቱ ውስጥ ከቤተሰብ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚያየው ፊት የፋርማሲስቱ ሊሆን ይችላል። በስኮትላንድ እነዚህን ሰዎች ተመራማሪዎች ሲጠይቋቸው ቅሬታቸው ከመድኃኒቱ ይልቅ ከአቀባበሉ ነበር። ሌላው ደንበኛ ሁሉ እስኪስተናገድ እንዲጠብቁ መደረግ፣ እንደ ሌባ በዓይን መከታተል፣ በሰው ፊት መጠጣት። ግላዊ ቦታ ሲያገኙና በስማቸው ሲጠሩ ደግሞ አመስግነው ይናገራሉ። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2006 በተደጋጋሚ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አገልግሎቱን የሚሰጡት ፋርማሲስቶች ቁጥር ጨመረ፤ አመለካከታቸውም ተሻሻለ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ንቀታችን ተፈጥሮ አይደለም ማለት ነው። በሥልጠናና ሰውየውን በቅርብ በማየት ይለወጣል። ስኮትላንዳዊው ፋርማሲስት ከእኛ የተሻለ ሰው ሆኖ ስለተፈጠረ አይመስለኝም።

እኛ አገር እዚያ አልደረስንም። ሜታዶን ባንኮኒያችን ላይ የለም። ታዲያ ዛሬ፣ በባዶ እጅ፣ ምን ይደረጋል? ያን ቀን ብመልሰው ምን እላለሁ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። «አለ፤ ያለ ማዘዣ ግን ልሰጥህ አልችልም» እለው ነበር። እውነቱ ይህ ነው፤ የሚያዋርድም የለበትም። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጫፍ፣ ሰው ወደማይሰማን አስጠግቼው «ስንት ፍሬ ነው በቀን የምትወስደው? ከጀመርክ ምን ያህል ጊዜ ሆነህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንቀጥቅጦት ያውቅ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ከመጠጥ ጋር እንዳይቀላቅል እነግረዋለሁ። በድንገት ብቻውን ከማቆም ይልቅ በሐኪም እገዛ ቀስ በቀስ መቀነስ እንደሚሻል እነግረዋለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን፦ ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ ከተመለሰ የድሮውን መጠን እንዳይወስድ። ሰውነቱ መልመዱን ረስቷል፤ ትናንት የቻለው መጠን ዛሬ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ሰው ካቆመ በኋላ ሲመለስ የመሞት አደጋው ከፍተኛ ነው። «ከበር መልሰው» የተባለ ሰው ይህን ማን ይንገረው?

ቀጥሎ ወደ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል መላክ አለ። አዲስ አበባ ላለ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከተሞች ያሉ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክሊኒክ አላቸው። በብዙዎቻችን ዘንድ ወደዚያ መሄድ «አበደ» መባል ስለሆነ፣ ልጁ በአንድ ቃል አይሄድም። አድራሻውን በወረቀት ጽፎ መስጠት፣ «ከፈለግህ ነገ ጠዋት አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት ያስፈልግ ይሆናል። ሁሉም ይሄዳል ብዬ አላታልላችሁም። አንዳንዱ ይሰድበናል፤ አንዳንዱ ወረቀቱን በር ላይ ይጥለዋል። ተመልሶ የሚመጣው ግን ያልተሰደበበት ቤት ነው።

የዶርሙ ጉዳይ ይቀራል። በዚህ ግቢ ውስጥ ትራማዶል አለ። ከእኛው መካከል፣ ከሱብሒ ሶፍ መካከል፣ የሚወስድ አለ። እንዴት አወቅህ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በእምነት የተነገረኝ ነው። ከእነሱ አንዱ ለምን ለማንም እንዳልተናገረ ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «ለእናንተ ከነገርኩ መስጂድ መግባት አልችልም።» ሐኪምን አልፈራም። ፖሊስን አልፈራም። የፈራው እኛን ነው።

ለጀመዓው የጤና ክፍል አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ሹራው ተቀብሎታል፣ አልሐምዱሊላህ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ከዐስር በኋላ፣ ከመስጂዱ ጀርባ ያለችው ትንሽዋ ክፍል ክፍት ትሆናለች። ሁለት የአምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪዎችና አንድ የሕክምና ኢንተርን ይኖራሉ፤ ለእህቶች ሰኞ በዚያው ሰዓት እህቶች ይኖራሉ። መድኃኒት አንሰጥም። ስም አንጽፍም። የሚመጣ ሰው ስለ ራሱ ወይም ስለ ጓደኛው ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለ የትኛው እንደሆነ አንጠይቅም። በሩ ከጫማ መደርደሪያው በስተቀኝ ነው፤ ከመጨረሻው ሶፍ ላይ ሆነው ያዩታል።